ዝምታም ይነቅዛል

“አንተ ታውቃለህ ልጄ” ሦስት ቃል ነው። ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ተዘርግቶ፣ ብዕር በእጅ ተይዞ ሲነገር ግን ክብደቱ ሌላ ነው። አንዲት የ79 ዓመት እናት እናስብ። ሜሪላንድ ይኑሩ ዳላስ፣ ለውጥ የለውም። ፊታቸው ብዙ ገጽ ያለው የእንግሊዝኛ ውል ተቀምጧል። አጠገባቸው አማርኛው የሚጣፍጥ፣ “እማማ” እያለ የሚጠራቸው ወጣት የኢንሹራንስ ወኪል አለ። እሱ አስረድቷል፤ እሳቸው አዳምጠዋል። መጨረሻ ላይ “አንተ ታውቃለህ ልጄ” ብለው ይፈርማሉ።

እኚህ እናት አሁን ምን አደረጉ? ተስማሙ? “አልገባኝም” አሉ? ወይስ ውሳኔውን ከነሸክሙ አንስተው ለልጁ አስረከቡት?

ለወረቀቱ መልሱ ቀላል ነው፤ ፈርመዋል። ለሽያጭ ሪፖርቱም ቀላል ነው፤ አንድ ሽያጭ ተመዝግቧል። አማርኛ ለሚያውቅ ሰው ግን ነገሩ እንደዚያ አይደለም። “አንተ ታውቃለህ” ማለት “እኔ አላውቅም፣ አንተ ግን ስለምታውቅ እንደ ራስህ ጉዳይ አድርገህ ወስንልኝ” ማለት ነው። አደራ ነው። አደራ የተቀበለ ሰው ደግሞ በኋላ “ፈርመዋል እኮ!” ብሎ ማምለጥ ይችላል ወይ? የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እሱ ነው።

ነገሩ የሽማግሌዎች ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ አይደለም። የእኛ ትውልድ ከዚያ ጠረጴዛ በሁለቱም ወገን ተቀምጧል። ግማሻችን ለእናት ለአባት የምናስተረጉም ልጆች ነን። ሌሎቻችን ደግሞ ሻጮች ነን። አሜሪካ ውስጥ የኢንሹራንስ ሽያጭ ፈቃድ ለማውጣት ዲግሪ አይጠየቅም፤ አጭር ትምህርትና የስቴት ፈተና ነው። አዲስ የመጣ ሰው ኡበር ከመንዳት ጎን ለጎን ሊይዘው የሚችል ሥራ ነው። በብዙ የሽያጭ ሥልጠና ላይ ደግሞ የመጀመሪያው የቤት ሥራ አንድ ነው፦ የምታውቃቸውን ሰዎች ስም ጻፍ። ዝርዝሩ ውስጥ የሚገቡት እነማን ናቸው? የጓደኛ እናት፣ የማኅበር አባላት፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የሚያውቁን አዛውንቶች። ማለትም በደንብ የሚያምኑን ሰዎች።

ሸቀጡ ራሱ

ስለ ሥነ ምግባር ከማውራታችን በፊት የሚሸጠው ነገር ምን እንደሆነ እንይ። ለአዛውንት በብዛት ከሚሸጡት አንዱ አኑዪቲ ይባላል። በአጭሩ፣ ሰውየው ጠርቀም ያለ ገንዘብ ለኢንሹራንስ ኩባንያ ይሰጣል። ኩባንያው ወለድ እያሰበ ያቆይለትና በኋላ በየወሩ ወይም በአንድ ጊዜ ይመልስለታል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ዕድሜ ረዝሞ ገንዘብ እንዳያልቅ ለሚፈራ ሰው እንዲያውም ጥሩ መላ ሊሆን ይችላል።

ክፉው ነገር ያለው ቀኑ ላይ ነው። ብዙዎቹ አኑዪቲዎች ገንዘቡን ከተወሰነ ጊዜ በፊት ላውጣ ላለ ሰው ቅጣት አላቸው። ለምሳሌ እንቁጠረው። 100,000 ዶላር ገባ እንበል። ቅጣቱ በመጀመሪያው ዓመት 10 በመቶ ሆኖ በየዓመቱ በ1 በመቶ ይቀንሳል። በሦስተኛው ዓመት ሙሉውን አውጥቼ ልውሰድ ያለ ሰው 8,000 ዶላር ይቀርበታል። እርግጥ ብዙ ውሎች በየዓመቱ እስከ 10 በመቶ ድረስ ያለ ቅጣት ማውጣት ይፈቅዳሉ። ለ45 ዓመት ጎልማሳ ይህ ሁሉ የሚቻል ነው፤ ይጠብቃል። ለ83 ዓመት ሰው ግን አሥር ዓመት ማለት ምናልባት የቀረው ዕድሜ በሙሉ ነው። ሕመም ቢመጣ፣ ቤት ውስጥ የሚረዳ ሰው መቅጠር ቢያስፈልግ ገንዘቡ እያለ የለም።

ቅጣቱ ለምን ኖረ? አንዱ ምክንያት ኮሚሽኑ ነው። ኩባንያው ለወኪሉ ክፍያውን የሚሰጠው ሽያጩ እንደተፈጸመ ነው። ገዢው ቶሎ ቢወጣ ኩባንያው ያወጣውን አይመልስም፤ ስለዚህ በቅጣት ያስረዋል። ቅጣቱ ረጅም ዓመት የሚቆይበት ውል ብዙውን ጊዜ ኮሚሽኑም ከፍ ያለ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፦ ለአዛውንቷ የማይስማማው ውል ለወኪሉ የበለጠ የሚከፍለው ውል ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ማንም ክፉ መሆን አያስፈልግም። የአከፋፈሉ ሥርዓት ራሱ ሰውየውን ወደ አንድ ጎን ያዘነብለዋል።

ሁለተኛው ምሳሌ ሜዲኬር ነው። በየዓመቱ ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7 ባለው ጊዜ አዛውንቶች ዕቅዳቸውን መቀየር ይችላሉ፤ የወኪሎች ስልክም ያኔ አያርፍም። “ሜዲኬር አድቫንቴጅ” የሚባለው የግል ኩባንያዎች ዕቅድ የጥርስ፣ የመነጽር፣ አንዳንዴም የግሮሰሪ ካርድ ይዞ ይመጣል። ደስ ይላል። ግን አብዛኛው ዕቅድ የራሱ የሐኪሞች ዝርዝር አለው። ለ12 ዓመት ያዩዋቸው የልብ ሐኪም ዝርዝሩ ውስጥ አሉ ወይ? ይህን ለማጣራት አንድ ስልክ ወይም ጥቂት ደቂቃ ኢንተርኔት ላይ ይበቃል። ካልተጣራ ግን እናትየው የሚያውቁት በጃንዋሪ የሐኪሙ ቢሮ መስኮት ጋ ቆመው ነው። ወደ ቀድሞው ልመለስ ቢሉ ደግሞ፣ በአብዛኛዎቹ ስቴቶች ሜዲጋፕ የሚባለውን ተጨማሪ መድን የሚሸጠው ኩባንያ የጤና ሁኔታቸውን አይቶ እንቢ ሊል ይችላል። የግሮሰሪ ካርዱ የተነገረውን ያህል ይሄኛው ተነግሯቸዋል?

የካሊፎርኒያው ጉዳይ

እዚህ ላይ አንድ እውነተኛ ጉዳይ ላንሳ፤ በቀላሉ ፍረዱ ብል የሚከብዳችሁ ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ የኢንሹራንስ ወኪል ለአንዲት የ83 ዓመት ሴት የ175,000 ዶላር አኑዪቲ ሸጠ። ሴትየዋ የመጡት ያንኑ ዓይነት ውል ቀድሞ ከገዛ ወዳጃቸው ጋር ነው። ውሉ በስቴቱ የተፈቀደ ነበር፤ ዕድሜያቸውም ለውሉ ከተፈቀደው ጣሪያ በታች ነበር። ገንዘቡን ለማውጣት ሲሄዱ ግን የባንኩ ሠራተኛ ሴትየዋ ግራ የተጋቡ መሰሏትና ለባለሥልጣን አመለከተች። ዐቃቤ ሕግ ሴትየዋ የመርሳት ሕመም ነበረባቸው አለ። ወኪሉ በበኩሉ ምንም ምልክት አላየሁም አለ። በ2011 ከአዛውንት ንብረት ሰርቋል ተብሎ ጥፋተኛ ሆነ፤ ቀጥሎም የ90 ቀን እስር ተፈረደበት። በ2013 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው።

የኢንሹራንስ ሰዎች ይህን ጉዳይ ዛሬም ያነሱታል። “ሕጋዊ ውል ሸጦ እስር?” ብለው የተደናገጡ ብዙ ናቸው፤ እውነታቸውን ነው። ስርቆት ማለት ሌላ ነው። ሰውን ሌባ ለማለት ሐሳቡና ድርጊቱ መረጋገጥ አለበት። ፍርዱ መሻሩ ትክክል ይመስለኛል።

ግን እዚያ ላይ ቆመን እፎይ ካልን ዋናው ጥያቄ አመለጠን። “ሌባ አይደለም” እና “የሚገባውን አድርጓል” በሚሉት መካከል ሰፊ ሜዳ አለ። የወንጀል ሕግ የሜዳውን ዳር ነው የሚጠብቀው። አብዛኛው የዕለት ተዕለት ሽያጭ የሚካሄደው ግን መሃሉ ላይ ነው፤ ማንም ባልዋሸበት፣ ማንም ባልሰረቀበት፣ ነገር ግን ማንም ባልጠየቀበት ቦታ። “ምልክት አላየሁም” የሚለው መልስ ራሱ ጥያቄ ይወልዳል። ምልክት እንዳታይ ሆነህ ነው የተቀመጥከው ወይስ ፈልገህ አጣህ?

የስንዴው ነጋዴ

ዝምታ ጥፋት ነው ወይ የሚለው ክርክር አሮጌ ነው። ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 “ስለ ግዴታዎች” በሚለው መጽሐፉ አንድ ነጋዴ ያመጣል። ሮድስ ደሴት ተርባለች። ነጋዴው ከእስክንድርያ ስንዴ ጭኖ ደረሰ። ከኋላው ሌሎች ስንዴ የጫኑ መርከቦች እየመጡ እንደሆነ በዓይኑ አይቷል። ይንገራቸው ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? ዲዮጋን የተባለው ፈላስፋ “ሕጉ ንገር ያለውን ከነገረና ካልዋሸ ይበቃል፤ ዝም ማለት መደበቅ አይደለም” ባይ ነው። አንቲጳጥሮስ ደግሞ “የሰው ልጅ ጥቅም የጋራ ነው፤ ሊነገራቸው ይገባል” ይላል። ሲሴሮ ከአንቲጳጥሮስ ጋር ይቆማል። በሱ አስተያየት፣ ሌላው ሰው ቢያውቀው የሚጠቅመውን ነገር ለራስህ ትርፍ ብለህ እንዳያውቅ ካደረግህ መደበቅ ማለት ያ ነው።

እኛ ዘንድ “ዝም አይነቅዝም” የሚል ተረት አለ። ዝም ያለ ሰው አይከስርም እንደማለት ነው። ለሐሜት፣ ለጠብ፣ ለችኩል ምላስ ጥሩ ምክር ነው። ለሻጭ ግን አይሠራም። በሁለት ሰዎች መካከል አንዱ ብቻ የሚያውቀው ነገር ካለና ያ ነገር የሌላውን ገንዘብ የሚነካ ከሆነ፣ ዝምታ እንደ ጎተራ እህል ነው። ከላይ ሲታይ ደህና ነው፤ ውስጥ ውስጡን ግን ይነቅዛል። እናትየው የሚያውቁት እህሉን ለማውጣት እጃቸውን የሰደዱ ዕለት ነው።

የኢንሹራንስ ሕግ ታሪክ እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1766 የእንግሊዝ ዳኛ የነበረው ሎርድ ማንስፊልድ ካርተር እና ቦይም በተባሉ ሰዎች ክርክር ላይ፣ ኢንሹራንስ ከሌላ ንግድ የበለጠ ቅን ልቦና የሚጠይቅ ውል እንደሆነ ፈረደ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ መድን ስለሚገባለት ነገር የሚያውቀው መድን ገቢው ነው፣ መድን ሰጪው አያውቅም። ስለዚህ ያወቀ ይናገር። ግዴታው ለሁለቱም ወገን እንደሆነ ማንስፊልድ ተናግሯል፤ ለዘመናት የከበደው ግን በገዢው ላይ ነው። ዛሬም ማመልከቻ ስትሞሉ የደበቃችሁት ሕመም ካለ ካሳው ሊከለከል ይችላል።

እንግዲህ ያንኑ መርህ ይዘን ጠረጴዛው ዘንድ እንመለስ። በአኑዪቲው ሽያጭ ላይ የሚያውቀው ማን ነው? የቅጣቱን ሰንጠረዥ፣ የወለዱን ጣሪያ፣ የኮሚሽኑን መጠን፣ ሌላ የተሻለ ውል መኖር አለመኖሩን የሚያውቀው ማን ነው? ወኪሉ ነው። የማንስፊልድ ምክንያት “ገዢ ይናገር” አልነበረም፤ “ያወቀ ይናገር” ነው። እውቀቱ ወንበር ከቀየረ ግዴታውም አብሮ ወንበር መቀየር አለበት።

“እንደ ሕፃን አትዩን”

እስካሁን የተባለውን ሰምቶ አንድ ጎበዝ አዛውንት ሊቆጣ ይችላል። “እኔ አራት ልጅ አሳድጌ፣ አገር ቀይሬ፣ ቤት ሠርቼ የኖርኩ ሰው ነኝ። 70 አለፈኝ ብላችሁ ጭንቅላቴን ልትመረምሩት ነው?” ጥሩ ቁጣ ነው። ለአዛውንት መጠንቀቅ ከመጠኑ ካለፈ ንቀት ይሆናል። ወኪሉ ከእናትየው ጋር ሳይሆን ከልጃቸው ጋር ብቻ ካወራ፣ ልጅየውም “እማዬ አንቺ ዝም በይ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ” ካለ፣ እዚያ ቤት ውስጥ ሴትየዋን ያከበረ ሰው የለም። ወኪሉ ገንዘባቸውን ባይወስድ እንኳ ልጃቸው ቃላቸውን ወስዷል።

የአሜሪካ ተቆጣጣሪዎችም ይህን ጥያቄ ተጋፍጠውታል። የስቴት የኢንሹራንስ ኮሚሽነሮች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው የአኑዪቲ ሽያጭ ሞዴል ደንብ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑትን ብቻ የሚመለከት ነበር። በ2006 የዕድሜ ገደቡ ተነሳና ለሁሉም ገዢ ሆነ። በ2020 ደግሞ ወኪሉ ከራሱ ጥቅም በፊት የገዢውን ጥቅም እንዲያስቀድም፣ የጥቅም ግጭቱን እንዲገልጽና የመከረበትን ምክንያት በጽሑፍ እንዲይዝ የሚጠይቅ ሆነ።

እኔ ከዚህ ጉዞ የምረዳው ይህን ነው፦ የማጣራት ግዴታ መነሻው የአዛውንት ድክመት አይደለም። መነሻው የእውቀቱ አለመመጣጠን ነው፤ ያ ደግሞ የ30 ዓመት ገዢም ላይ አለ። የዕድሜ ነገር የሚመጣው ሌላ ቦታ ላይ ነው። የ30 ዓመት ሰው ቢሳሳት ሠርቶ ይመልሰዋል። የ80 ዓመት ሰው የሚሠራበት ጊዜ የለውም። ዕድሜ የሰውየውን ማስተዋል የሚቀንስ ነገር ሳይሆን የስህተቱን ዋጋ የሚጨምር ነገር ነው ብለን ብናስብ፣ መጠንቀቅና መናቅ ይለያዩልናል። ወኪሉ “እኚህ ሴት ያስባሉ ወይ?” ብሎ ሳይሆን “ይህ ውል ለእኚህ ሴት ቀሪ ዓመታት ይሆናል ወይ?” ብሎ ይጠይቅ። የመጀመሪያው ጥያቄ ሰውን ይመዝናል፤ ሁለተኛው ሸቀጡን።

የካሊፎርኒያ ሕግ አንዳንድ ጥሩ መላዎች አሉት። ዕድሜው 65 የሞላ ገዢ ጋር የሚነጋገር ወኪል የሐቀኝነትና የቅን ልቦና ግዴታ እንዳለበት በግልጽ ተጽፏል። አዛውንት ቤት ለሽያጭ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ከመሄዱ ቢያንስ 24 ሰዓት አስቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። 60 ዓመት የሞላው ሰው የገዛውን የሕይወት መድን ወይም አኑዪቲ በ30 ቀን ውስጥ መልሶ ገንዘቡን መቀበል ይችላል። በሜዲኬርም በኩል የፌዴራሉ ደንብ ሳይጠሩ በር ማንኳኳትን ይከለክላል፤ ከ2022 ጀምሮ የሽያጭ ስልኮች እንዲቀዱ፣ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮም አዛውንቱ ስለምን እንደሚወያዩ በጽሑፍ ከተስማሙበት ሰዓት እስከ ውይይቱ ድረስ በአብዛኛው 48 ሰዓት እንዲያልፍ ያዛል። ሁሉም ላይ ያለው መድኃኒት ጊዜ ነው። ማንንም “ማሰብ አይችሉም” አይልም፤ “አስበው ይምጡ” ነው የሚለው። ይህ ንቀት አይደለም።

ከእድር ምን ተማርን?

እኛ ኢንሹራንስን የተማርነው ከእድር ነው። በየወሩ ይዋጣል፤ ሰው ሲሞት ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ገንዘቡ ይመጣል። ማንም ገለጻ አያስፈልገውም። መዋጮው ስንት እንደሆነ፣ ለሐዘንተኛ የሚሰጠው ስንት እንደሆነ አባሉ ሁሉ ያውቃል። ዳኛው ከአባላት አንዱ ነው፤ እናንተን በማስገባቱ ኮሚሽን አያገኝም። ስለዚህ እናቶቻችን ለእድር “እናንተ ታውቃላችሁ” ቢሉ ያዋጣቸዋል፤ አዋቂዎቹና የተዋጣላቸው ሰዎች አንድ ናቸውና።

ችግሩ የሚመጣው ያ እምነት አገር ተሻግሮ ሌላ ዓይነት ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ነው። ወጣቱ ወኪል “እንደ እድር በሉት” ብሎ የቀብር ወጪ መድን ሲያስረዳ እናትየው ምሳሌውን ብቻ አይደለም የሚቀበሉት፤ ከምሳሌው ጋር የ40 ዓመት መተማመን አብረው ያስረክባሉ። እሱ ያላከማቸውን እምነት ነው የሚያወጣው። አያቶቹ፣ የእድሩ ሰዎች፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ያጠራቀሙትን። በዚህ የተጎዳ ሰው ደግሞ ኩባንያውን ብቻ አይደለም የሚቀየመው። “ከሐበሻ ጋር ንግድ? በፍጹም!” ይላል። ሒሳቡን የሚከፍለው ከኋላ የሚመጣው ሐቀኛ ሰው ነው።

የአገራችንም ሕግ ስለዚህ ዓይነቱ ነገር ዝም አላለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1710፣ ውል ለአንዱ ወገን አብልጦ ጠቀመ ተብሎ ብቻ እንደማይፈርስ ይደነግጋል። ቀጥሎ ግን የተጎጂው ፈቃድ የተገኘው ችግሩን፣ የዋህነቱን፣ እርጅናውን ወይም የንግድ ልምድ እንደሌለው መታወቁን መጠቀሚያ በማድረግ ከሆነና ፍትሕ የሚያስገድድ ከሆነ ውሉ ሊፈርስ እንደሚችል ይናገራል። አንቀጽ 1705 ደግሞ በተዋዋዮቹ መካከል ልዩ መተማመን ካለ፣ ሆን ተብሎ ብቻ ሳይሆን በቸልተኝነት የተነገረ ሐሰትም ውልን ሊያፈርስ እንደሚችል ያስቀምጣል። ሐሳቡ ይገባችኋል? ሰው ካመነህ “አላጣራሁም ነበር” ማለት ነጻ አያወጣህም። መታመን ራሱ የማጣራት ግዴታ ይወልዳል።

“እኔ ካልሸጥኩ ሌላው ይሸጣል”

የወኪሉንም ወገን በቅጡ እንስማ፤ ጭራቅ አይደለም። ብዙዎቹ ደመወዝ የላቸውም፤ የሚበሉት ከኮሚሽን ነው። ኪራይ አለ፣ አገር ቤት የሚላክ አለ፣ ከበላይ ያለው ሰው “ይህን ወር ስንት ሸጥክ?” ይላል። “እኔ ትቼው ብወጣ ነገ ሌላው መጥቶ የባሰውን ይሸጥላቸዋል፤ እኔ ቢያንስ በቋንቋቸው አስረዳለሁ” ይላል። እውነት አለው። አማርኛ የሚችል ሐቀኛ ወኪል ለእናቶቻችን ትልቅ ነገር ነው።

ግን ክርክሩን እስከ መጨረሻው እንከተለው። “ሌላው ያደርገዋል” የሚለው ምክንያት የተደረገውን ነገር አይቀይረውም፤ ያደረገውን ሰው ስም ብቻ ነው የሚቀይረው። ሥነ ምግባር ደግሞ ጥያቄው ያ ስም ነው። ሌላው ቢሸጥላቸው እናትየው የተጎዱት በማያውቁት ሰው ነው። አንተ ብትሸጥላቸው “ልጄ” ባሉት ሰው ነው። ገንዘቡ እኩል ቢሆንም ጉዳቱ እኩል አይደለም።

ደግሞ ማጣራት ሽያጭን ሁልጊዜ አይገድልም። ምን ያህል ነው የሚጠይቀው? ገንዘቡ ከየት እንደመጣና ከሱ ሌላ ለክፉ ቀን የተቀመጠ እንዳለ መጠየቅ። መድኃኒታቸውንና ሐኪሞቻቸውን ዘርዝሮ ከዕቅዱ ጋር ማመሳከር። ከፈለጉ የሚያምኑት ሰው አብሮ እንዲቀመጥ መጋበዝ፤ ምርጫው ግን የእሳቸው ይሁን። ቅጣቱን በመቶኛ ሳይሆን በዶላር መንገር፦ “በሦስተኛው ዓመት ቢያወጡት 8,000 ዶላር ይቀርብዎታል።” የራስን ጥቅም አለመደበቅ፦ “ይህን ቢገዙ ኩባንያው ለእኔ ይከፍለኛል።” በመጨረሻም “ገብቶዎታል?” ብሎ አለመጠየቅ። ለዚህ ጥያቄ የእኛ ሰው መልሱ አንድ ነው፤ “አዎ ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ።” ይሉኝታ ነው የሚመልሰው። ይልቅስ “እማማ፣ ለልጅዎ ቢያስረዱት እንዴት ብለው ይነግሩታል?” ማለት ይሻላል። በራሳቸው ቃል ከነገሩት ገብቷቸዋል። ካልቻሉ ደግሞ ሥራው ገና አላለቀም ማለት ነው። ያኔ ወረቀቱን አጥፎ “ነገ ልምጣ” ማለት ነው፤ ምንም የሚቃጠል ነገር የለም።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን አንድ ነው፦ “እማማ፣ ይህ ለእርስዎ አይሆንም” ማለት። ይህን ለማለት ዝግጁ ያልሆነ ሰው የቀሩትን ጥያቄዎች ሁሉ ቢጠይቅ ቅጽ እየሞላ ነው እንጂ እያጣራ አይደለም። ማጣራት ማለት መልሱ “አይሆንም” ሊሆን እንደሚችል አምኖ መጠየቅ ነው። መልሱ አስቀድሞ ከታወቀ ጥያቄው ጌጥ ነው።

አስተርጓሚ ልጆችም አልቀረንም። እናታችን “ምን አለ?” ሲሉን አሥር ደቂቃ የተወራውን “ምንም አይደለም፣ ፈርሚ” ብለን የምናሳጥር ከሆነ ከወኪሉ በምን ተለየን? እኛም የምናውቀው፣ እሳቸው የማያውቁት ነገር አለ። እኛም “አንተ ታውቃለህ”፣ “አንቺ ታውቂያለሽ” ተብለናል። ትርጉም ማሳጠርም አንድ የዝምታ ዓይነት ነው።

የሚያምን ሰው ሞኝ አይደለም። ማመን ባይኖር ማንም ሰው ሐኪም ቤት አይሄድም፣ አውሮፕላን አይሳፈርም፣ ልጁን ትምህርት ቤት አይልክም። በማያውቁት አገር፣ በማያውቁት ቋንቋ፣ በስተርጅና የሚኖሩ ወላጆቻችን ደግሞ ከሁላችንም በላይ ለማመን የተገደዱ ናቸው። “ሰው ማመን ቀብሮ ነው” የሚለው ተረት እውነት እንዳይሆንባቸው የሚያደርገው ሕግ ብቻ አይደለም፤ ሕጉ 30 ቀን ይሰጣል፣ 48 ሰዓት ያስጠብቃል፣ ስልክ ይቀዳል። ከዚያ ውጭ ያለውን፣ ማንም የማይቀዳውን፣ ወኪሉ እያወቀ ሊናገረው ወይም ሊውጠው የሚችለውን አንድ ዓረፍተ ነገር የሚጠብቅ ሌላ ዘበኛ የለም።